«ስንተኛ ፎቅ?»፦ የደረጃ ቁጥሮችን በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ የመጠቀም ዝርዝር መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ ሐይቁ ዳር ካሉ ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ በተቀጠርኩ ሰሞን አንድ አሜሪካዊ ሻንጣውን እየጎተተ መጣ። ቁልፉን አቀበልኩትና «ዩር ሩም ኢዝ ኦን ዘ ፈርስት ፍሎር» አልኩት። ክፍልዎ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው ማለቴ ነበር። አመስግኖኝ ሄደ፤ ወደ ደረጃው ግን ዞር ብሎም አላየ። በምድር ቤቱ ኮሪደር የበር ቁጥር እያነበበ እስከ ወጥ ቤቱ ዘለቀ፤ ከዚያ በምግብ አዳራሹ በኩል ዞሮ ተመለሰ። እንደገና ፊቴ ሲቆም ግንባሩ በላብ ርሷል። እኔ ደግሞ ያልሰማኝ መስሎኝ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ ደገምኩለት።

የሰውዬው ጆሮ ደህና ነበር፤ የእኔም ሰዋስው ስሕተት አልነበረበትም። ለአሜሪካዊ «ፈርስት ፍሎር» ማለት ከመንገድ ሲገባ እግሩ የሚያርፍበት ወለል ነው። ለእኔ ደግሞ ደረጃ ከወጡ በኋላ የሚገኘው ነው። ሁለታችንም አንድ ቃል ይዘን ሁለት ፎቅ ላይ ቆመን ነበር።

አሁን ማታ ማታ ለጥቂት የባጃጅ ሾፌሮችና የሆቴል ሠራተኞች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከእነሱ ጋር ደጋግሜ እንዳየሁት የደረጃ ቁጥሮችን፣ ማለትም አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚሉትን፣ በቃል መያዝ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። የምታስቸግረው የእኛዋ «ኛ» ናት። አማርኛ በዚህች አንዲት ፊደል ብዙ ሥራ ያሠራል፤ እንግሊዝኛ ያንኑ ሥራ ለተለያዩ ቃላት አከፋፍሎታል፣ አንዳንዱን ደግሞ ጨርሶ አይሠራውም። ስለዚህ መመሪያው ቃላቱን በማበጀት ይጀምርና ብዙውን ጊዜ «ኛ» ላይ ያጠፋል።

አንድ ነገር ስለ አጻጻፌ። የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ በፊደላችን እጽፋለሁ። ምላስ በጥርሶች መካከል ወጣ ብሎ የሚነፋው ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ በቲ እና በኤች የሚጻፈው፣ በፊደላችን ወኪል የለውም። በደረጃ ቁጥሮች መጨረሻ ላይ «ስ»፣ በ«ሰርድ» መጀመሪያ ላይ ደግሞ «ሰ» እያልኩ እጽፈዋለሁ፤ ስታነቡት ግን ምላሳችሁን አውጡ። አራተኛ ማለት የሆነውን «ፎርስ» በተራ «ስ» ካላችሁት ሰሚው ኃይል ወይም ጉልበት ያላችሁ ይመስለዋል።

አንደኛ እርምጃ፦ ቃላቱን ማበጀት

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከቁጥራቸው ጋር አይመሳሰሉም፤ ፈርስት፣ ሰከንድ፣ ሰርድ። እነዚህን በቃል መያዝ ብቻ ነው። ከአራት ጀምሮ መንገዱ ጥርጊያ ነው፤ በቁጥሩ መጨረሻ ላይ ቲ እና ኤች ይጨመራል። ፎርስ፣ ፊፍስ፣ ሲክስስ፣ ሰቨንስ፣ ኤይትስ፣ ናይንስ፣ ቴንስ እያለ ይቀጥላል።

አጻጻፉ ላይ የሚያንሸራትቱ ቦታዎች አሉ። አምስተኛ ላይ የፋይቭ ቪ እና ኢ ወድቀው ኤፍ ይተካቸዋል፤ አሥራ ሁለተኛም እንዲሁ። ስምንተኛ ላይ ኤይት ራሱ በቲ ስለሚያልቅ ኤች ብቻ ይጨመራል፣ ቲ አይደገምም። ዘጠነኛ ላይ የናይን የመጨረሻዋ ኢ ትወድቃለች፤ በአሥራ ዘጠነኛና በዘጠናኛ ላይ ግን ባለችበት ትቆያለች። ሃያኛ፣ ሠላሳኛ እያሉ የሚሄዱት በዋይ ስለሚያልቁ ዋይዋ ወደ አይ እና ኢ ተለውጣ ነው ቲ እና ኤች የሚከተሉት፤ ንባቡም «ትዌንቲየስ»፣ «ሰርቲየስ» ይሆናል።

ባለ ሁለት ክፍል ቁጥር ሲሆን የመጨረሻው ክፍል ብቻ ይለወጣል። ሃያ አንደኛ «ትዌንቲ ፈርስት» ነው፤ «ትዌንቲየስ ፈርስት» አይባልም። ይህን አማርኛም ስለሚያደርገው ማንም አይሳሳትም።

በአኃዝ ስንጽፍ እኛ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ፣ 21ኛ እያልን በአንዲት «ኛ» እንገላገላለን። እንግሊዝኛ የየቃሉን የመጨረሻ ሁለት ፊደላት ይጠይቃል፤ ከ1 ቀጥሎ ኤስ እና ቲ፣ ከ2 ቀጥሎ ኤን እና ዲ፣ ከ3 ቀጥሎ አር እና ዲ፣ ከሌሎቹ ቀጥሎ ቲ እና ኤች። 21፣ 22 እና 23 የ1፣ የ2 እና የ3ን መንገድ ይከተላሉ። 11፣ 12 እና 13 ግን በ1፣ በ2 እና በ3 ስላለቁ አትታለሉ፤ ሦስቱም ቲ እና ኤች ነው የሚወስዱት።

በእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ጥንድ 13ኛ እና 30ኛ ነው። «ሰርቲንስ» እና «ሰርቲየስ» በስልክ ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ። በመጀመሪያው ላይ «ቲን» ጎላና ረዘም ይላል፤ በሁለተኛው ጉልበቱ ሁሉ «ሰር» ላይ ነው። እኔ በጆሮዬ አልታመንም፤ ቀኑን ሲነግሩኝ ማክሰኞ ነው ወይስ ዓርብ ብዬ እጨምርና አረጋግጣለሁ።

ሁለተኛ እርምጃ፦ «ዘ» መቼ ትገባለች?

የደረጃ ቁጥር ከስም በፊት ሲመጣ ባብዛኛው «ዘ» ትቀድመዋለች። ሦስተኛው በር «ዘ ሰርድ ዶር» ነው። በአማርኛ «ሦስተኛው» ላይ የተለጠፈችው «ው» የምትሠራውን ሥራ እዚያ «ዘ» ትሠራዋለች። ባለቤትነት ሲመጣ ግን «ዘ» ትወጣለች፤ ሁለተኛ ልጄ «ማይ ሰከንድ ቻይልድ» ይባላል። ሲዳማ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ክልል ሲሆን የሐዋሳ ሰው ሁሉ አፍ ላይ የነበረው «አሥረኛው ክልል» የሚለው ሐረግም በእንግሊዝኛ ሁለት መልክ አለው። «ዘ ቴንስ ሪጅን» ማለት ይቻላል፤ የኢትዮጵያ አሥረኛ ክልል ካልን ደግሞ «ኢትዮፒያስ ቴንስ ሪጅን» ነው፣ «ዘ» አያስፈልገውም።

ውጤት ሲነገር ነገሩ ይለወጣል። ልጅቷ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች ለማለት «ሺ ኬም ፈርስት ኢን ኸር ክላስ» ይባላል። «ዘ» የለችም፣ «ወጣች» የሚለውም ወደ «መጣች» ይለወጣል። ከተማሪዎቼ አንዱ «ሺ ዌንት አውት ፈርስት» ብሎኝ ነበር። ይህን የሚሰማ ሰው ልጅቷ ፈተናውን ትታ ከሁሉ ቀድማ ከክፍል የወጣች ነው የሚመስለው። ሩጫም እንደ ፈተናው ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ፣ በ1964 ደግሞ ቶኪዮ ላይ «ኬም ፈርስት»። ዓመቶቹ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጡትም በእኛ ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አበበን ካነሣን አይቀር፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያደረገ ሰው» የሚለውን አገነባብ እንያዝ። አማርኛ ድርጊቱን ያስቀድማል፦ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው። እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል፦ «ዘ ፈርስት ማን ቱ ዊን ዘ ኦሎምፒክ ማራቶን ትዋይስ»። ከ«ፈርስት» ቀጥሎ ሰውየው፣ ከሰውየው ቀጥሎ «ቱ» እና ግሡ። በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች፤ ይህንንም በዚያው ቅርጽ ሞክሩት። «ዘ ፈርስት ብላክ አፍሪካን ውመን ቱ ዊን አን ኦሎምፒክ ጎልድ ሜዳል»።

«ከሁሉ የበለጠ» ከሚለው ጋር ሲጣመርም አንድ ወጥመድ አለ። ኢትዮጵያ በሕዝብ ብዛት ከአፍሪካ ሁለተኛ ናት፤ «ዘ ሰከንድ ሞስት ፖፕዩለስ ካንትሪ ኢን አፍሪካ»። አንደኛዋን ናይጄሪያን ስንጠራ ግን «ፈርስት ሞስት» አይባልም፤ «ዘ ሞስት» ብቻ ይበቃል። ከሁሉ መብለጥ አንደኛ መሆን ስለሆነ እንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ አይከፍልበትም።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ከስሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

የደረጃ ቁጥር ከስሙ በፊት ይቆማል፤ ከስሙ በኋላ የሚቆመው ተራው ቁጥር ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ «ዘ ሰርድ ቻፕተር» ወይም «ቻፕተር ስሪ» ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ዘ ሰከንድ ወርልድ ዋር» ወይም «ወርልድ ዋር ቱ»። ሁለቱን ማደባለቅ አይቻልም።

እኛ አገር ይህ ሕግ በየቀኑ የሚጣሰው በትምህርት ቤት ወሬ ነው። ስምንተኛ ክፍል ነኝ ለማለት «አይ አም ኢን ግሬድ ኤይትስ» ሲባል የማልሰማበት ሳምንት የለም። ትክክሉ «ግሬድ ኤይት» ነው። አሜሪካዊ ከሆናችሁ «ኤይትስ ግሬድ» ማለት ትችላላችሁ፤ ቁጥሩ ወደ ፊት ስለመጣ «ስ» ይገባዋል። የሆቴል ክፍልም እንደዚሁ ነው፤ «ሩም ትዌልቭ» እንጂ «ሩም ትዌልፍስ» አይባልም።

አራተኛ እርምጃ፦ «ኛ» ምን እየሠራች ነው?

ዋናው ነገር ይህ ነው። ቃሉን ከመተርጎማችሁ በፊት «ኛ» ምን ሥራ ላይ እንዳለች ጠይቋት። እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ መንገደኛ ስንል ተራ አልቆጠርንም። የምንማረው ቋንቋ ራሱ ስሙ እንግሊዝኛ ነው፤ በ«ኛ» ነው የሚያልቀው። እነዚህን ማንም ከቁጥር ጋር አያምታታቸውም። የሚያሳስቱት ቁጥር ይዘው ሌላ ነገር የሚሉት ናቸው።

«ምግቡ አንደኛ ነው» ስንል ውድድር የለም፤ ማመስገናችን ነው። «ዘ ፉድ ኢዝ ፈርስት» ብትሉ ሰሚው ምግቡ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል ማለት ይመስለዋል። «ኤክሰለንት» በሉ። አገልግሎትን ለማመስገን «ፈርስት ክላስ» ማለትም ያስኬዳል።

«ሁለተኛ» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «ሁለተኛ እዚህ ቤት አልመጣም» የሚል ሰው ሲመጣ ሁለተኛ አይወጣም እያለ አይደለም፤ ጨርሶ አልመለስም ማለቱ ነው። እንግሊዝኛው «ኔቨር አጌን» ነው። ልጅ ሆነን ዱላ ሲነሣብን «ሁለተኛ አይለምደኝም!» ብለን የጮኽንበት «ሁለተኛ» ከ«ሰከንድ» ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ያም «ኔቨር አጌን» ነው።

ትምህርት ቤት እንመለስ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ፕራይመሪ ስኩል»፣ ሁለተኛ ደረጃ «ሰከንደሪ ስኩል» ይባላል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ግን ቀጥታ ይሄዳል፣ «ፈርስት ይር ስቱደንት»። ዲግሪ ላይ ስትደርሱ ተጠንቀቁ። ሁለተኛ ዲግሪ «ማስተርስ»፣ ሦስተኛ ዲግሪ «ፒ ኤች ዲ» ነው። በእንግሊዝኛ «ሰከንድ ዲግሪ» እና «ሰርድ ዲግሪ» የሚሉት ቃላት አብረው የሚሰሙት ከእሳት ቃጠሎ ጋር ነው፤ ሐኪሞች የቃጠሎን ጥልቀት የሚለኩባቸው ደረጃዎች ናቸው። ለዓመታት ደክሞ ዶክተር የሆነ ሰው «አይ ሃቭ ሰርድ ዲግሪ» ቢል፣ ሰሚው እጁንና ፊቱን ማየት ቢጀምር አይፈረድበትም።

የባጃጅ ሾፌሮች ግን አንድ ቃል ቀድመውኝ ያውቃሉ። የሦስተኛ ወገን መድን «ሰርድ ፓርቲ ኢንሹራንስ» ነው፤ እዚህ ላይ «ኛ» ቀጥታ ተሻግራለች። አንደኛው ወገን ማነው፣ ሁለተኛውስ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ይተያያሉ። መድን የገባው ሰውና መድን ሰጪው ድርጅት ሁለቱ ወገኖች ናቸው፤ ሦስተኛው በውሉ ውስጥ ያልነበረው፣ መንገድ ላይ የተጎዳው ሰው ነው።

ዝምድና ላይም አንድ የማይገመት ነገር አለ። «ሰከንድ ከዝን» ማለት ሁለተኛው የአክስት ልጅ ማለት አይደለም። የአጎትና የአክስት ልጆች፣ አያት የሚጋሩት፣ ሁሉም «ፈርስት ከዝን» ናቸው፤ ቢሆኑ ሃያ። ቅድመ አያት የሚጋሩት፣ ማለትም የሁለት አክስትማማቾች ልጆች፣ እርስ በርስ «ሰከንድ ከዝን» ይባላሉ። ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠር ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ስሌት ነው።

አምስተኛ እርምጃ፦ «ስንተኛ» የሌለውን ቋንቋ መልመድ

በአማርኛ ተራን የሚጠይቅ ግሩም ቃል አለን፤ «ስንተኛ»። እንግሊዝኛ የለውም። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው አያምኑም፤ መዝገበ ቃላት ያገላብጣሉ፣ በመጨረሻ «ሃው ሜኒኤስ» ዓይነት ፍጥረት ይዘው ይመጣሉ። ቃሉ ስለሌለ ጥያቄውን በየአጋጣሚው ማፍረስና እንደ አዲስ መሥራት ነው ያለው።

«ስንተኛ ፎቅ ነው?» ቀላሉ ነው፤ «ዊች ፍሎር?» ይበቃል። «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ሲሆን «ዋት ግሬድ አር ዩ ኢን?» ይባላል። «በውድድሩ ስንተኛ ወጣሽ?» ሲሆን «ዌር ዲድ ዩ ፊኒሽ?»፣ ቃል በቃል የት ጨረስሽ እንደማለት ነው። «ለእናትህ ስንተኛ ልጅ ነህ?» ሲሆን አስተዋይ እንግሊዛዊ «ዌር ዱ ዩ ካም ኢን ዘ ፋሚሊ?» ይላል፤ ብዙው ሰው ግን በኩር መሆን አለመሆንህን ብቻ ይጠይቃል፣ «አር ዩ ዘ ኦልደስት?» ብሎ። መልሱ ላይ የደረጃ ቁጥሩ ይመለሳል፤ «አይ አም ዘ ሰርድ ኦቭ ፋይቭ»፣ ከአምስት ልጆች ሦስተኛው ነኝ።

በእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ የምንፈልገው «ሐዋሳ ሲመጡ ለስንተኛ ጊዜ ነው?» የሚለውን ነው። ወይ «ሃው ሜኒ ታይምስ ሃቭ ዩ ቢን ሂር?» ትላላችሁ፣ ወይም በጣም የተለመደውን «ኢዝ ዚስ ዩር ፈርስት ታይም ኢን ሐዋሳ?» ትጠይቃላችሁ። እንግዳው አይ፣ ሦስተኛዬ ነው ሲል «ኖ፣ ማይ ሰርድ» ይላል፤ «ዬ» ወደ «ማይ» ተለውጣ ከፊት ትመጣለች።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ፎቅና መንገድ

ወደ አሜሪካዊው ልመለስ። እኛ ሕንፃን «ጂ ፕላስ ፎር» እያልን የምንጠራው ምድሩን ከቁጥር ውጪ አድርገን ነው። ብሪታንያም እንዲሁ ታደርጋለች፤ ምድሩ «ግራውንድ ፍሎር»፣ ከላዩ ያለው «ፈርስት ፍሎር» ነው። አሜሪካ ምድሩን ራሱን አንድ ብላ ትጀምራለች፤ የእኛ አንደኛ የእነሱ «ሰከንድ» ነው። እንግዳው ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ ቁጥሩን ተዉትና «ዋን ፍላይት አፕ» በሉ፤ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ማለት ነው። እጃችሁን ወደ ደረጃው መዘርጋትም አይከፋም።

መንገድ ማሳየት ላይ ዋናው ቀመር «ቴክ ዘ ሰከንድ ሌፍት» ነው፤ ወደ ግራ ከሚታጠፉት መንገዶች ሁለተኛውን ያዝ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ወጥቶ የሚሄድ ቱሪስት መጀመሪያ ወደ ቀኝ ብቻ የሚታጠፍ መንገድ ያገኛል፣ ከዚያ ወደ ግራ የሚታጠፍ፣ ከዚያ ሌላ ወደ ግራ የሚታጠፍ ያገኛል እንበል። «ቴክ ዘ ሰከንድ ሌፍት» ካላችሁት የቀኙን አይቆጥርም፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ይታጠፋል። «ተርን ሌፍት አት ዘ ሰከንድ ስትሪት» ካላችሁት የቀኙንም ቆጥሮ አንድ መንገድ ቀድሞ ይታጠፋል። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ፤ መሬት ላይ ግን በአንድ መንገድ ይለያያሉ።

አደባባይ ላይ የሚቆጠረው መውጫው ነው፤ «ኤግዚት»። በቀኝ ስለምንነዳ ባለ አራት አቅጣጫ አደባባይ ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ «ዘ ፈርስት ኤግዚት»፣ ቀጥ ብሎ መሄድ «ዘ ሰከንድ»፣ ወደ ግራ መሄድ «ዘ ሰርድ» ይሆናል። አንድ የባጃጅ ሾፌር ይህን በተማረ ማግስት «መምህር፣ ዛሬ ፈረንጁ ስልኩን እያየ ሰርድ ኤግዚት ሲለኝ ሳይጠቁመኝ አወጣሁት» ብሎኝ የዕለቱን የሻይ ሒሳብ ከፍሏል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ የማይጻፉ ግን የሚነበቡ

የገና፣ የጥምቀት፣ የገብርኤል ቀን ሲጠየቅ እኛ በተራ ቁጥር እንመልሳለን፤ ታኅሣሥ 19። እንግሊዝኛ በንግግር የደረጃ ቁጥር ይፈልጋል። ታኅሣሥ 19 አብዛኛውን ጊዜ በእነሱ ዲሴምበር 28 ላይ ይውላል። ብሪታንያዊ 28ን አስቀድሞ «ዲሴምበር» ብሎ ይጽፋል፣ ሲያነበው ግን «ዘ ትዌንቲ ኤይትስ ኦቭ ዲሴምበር» ይላል። «ዘ» እና «ኦቭ» ወረቀቱ ላይ የሉም፤ አፍ ላይ ብቻ ናቸው። አሜሪካዊ ወሩን ያስቀድምና «ዲሴምበር ትዌንቲ ኤይትስ» ይላል። በቀኑ ላይ ስንል «ኦን» ትቀድማለች። ቀኑ በአኃዝ ብቻ ሲጻፍ ብሪታንያዊው እንደ እኛ ቀኑን፣ አሜሪካዊው ወሩን ያስቀድማል፤ 5/6 ተብሎ የመጣ የክፍል ማስያዣ ካያችሁ ሳትጠይቁ አትመዝግቡ።

ፊቼ ጫምባላላ መቼ ነው ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ግን የደረጃ ቁጥር አታገኙለትም። በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ቀኑ በየዓመቱ በከዋክብት ንባብ የሚቆረጥ እንጂ የተወሰነ አይደለም። «ኢት ቼንጅስ ኤቭሪ ይር» በሉትና በዓሉ ወደሚከበርበት ወደ ጉዱማሌ የሚወስደውን መንገድ አሳዩት።

ነገሥታት ላይም የማይጻፍ «ዘ» አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በእንግሊዝኛ ከስሙ በኋላ በሮማን ቁጥር ነው የሚጻፈው። ተማሪዎቼ «ምኒልክ ቱ» ብለው ያነቡታል፤ «ምኒልክ ዘ ሰከንድ» ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ኃይለ ሥላሴ ዘ ፈርስት»፤ በ1965 አገራችንን የጎበኘችው ንግሥት «ኤልዛቤት ዘ ሰከንድ»። ቁጥሩ ከስሙ በፊት ይቆማል ያልኩትን ሕግ እንደ አሜሪካዊው ቀን እነሱም ይጥሱታል፤ ንጉሥ ደግሞ ሕግ ቢጥስ ማን ይጠይቀዋል። እኛ ለእነዚህ ስሞች የግእዙን ቁጥር ለብቻው አስቀርተናል። ፊደል ስንቆጥር ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ ያልነውም የደረጃ ቁጥር ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ለንጉሡም ለፎቁም ያንኑ «ሰከንድ» ይጠቀማል። ቀዳማዊት እመቤትም «ፈርስት ሌዲ» ናት።

ክፍለ ዘመን ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ይስማማሉ። ዓድዋ የተካሄደው በ1896 ስለሆነ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ «ዘ ናይንቲንስ ሴንቸሪ»። በእኛ አቆጣጠርም 1888 ስለሆነ ክፍለ ዘመኑ አልተለወጠም።

ስምንተኛ እርምጃ፦ «መጀመሪያ» ስንት ዓይነት ነው?

«መጀመሪያ ሐይቁን እናያለን፣ ከዚያ ዓሣ እንበላለን» ሲሆን «ፈርስት» ብቻ ይበቃል። «መጀመሪያ ጉማሬዎቹን ፈርቼ ነበር» ሲሆን ግን «አት ፈርስት» ነው፤ በኋላ ነገሩ መለወጡን አስቀድሞ ይናገራል። «አት ፈርስት» ብላችሁ ዝም ካላችሁ ሰሚው «በት» የሚለውን፣ ግን የሚለውን፣ እየጠበቀ ይቀራል።

«ሐዋሳ ስመጣ ይህ ሁለተኛዬ ነው» ለማለት «ዚስ ኢዝ ዘ ሰከንድ ታይም አይ ሃቭ ካም ቱ ሐዋሳ»። ግሡ «ሃቭ» ይዞ ይመጣል፤ «አይ ካም» ብቻውን ስሕተት ነው። በቅደም ተከተል «የመጀመሪያዎቹ ሁለት እንግዶች» «ዘ ፈርስት ቱ ጌስትስ» ነው፤ እንደ አማርኛው።

ክፍልፋይ በአጭሩ፦ ሲሶ «ዋን ሰርድ» ነው፣ ሁለት ሦስተኛ «ቱ ሰርድስ»፤ ከአንድ ሲበልጥ ኤስ ይጨመራል። ግማሽ «ሃፍ»፣ ሩብ «ኳርተር» ይባላል። «ዋን ሰከንድ» ካላችሁ የጊዜዋን ሰከንድ ነው የምትጠሩት፤ ስልክ ላይ «ጀስት ኤ ሰከንድ» ሲሏችሁ ትንሽ ይታገሡኝ ማለታቸው ነው። ያገለገለ ስልክ «ሰከንድ ሃንድ» ነው፣ ሰልቫጅ ልብስም እንዲሁ። እንግዳ ዶሮ አዝዞ ወዲያው «ኦን ሰከንድ ሶት» ካለ ብዕራችሁን አታስቀምጡ፤ ሐሳቡን ቀይሮ ዓሣ ሊያዝዝ ነው።

ቅጽ ስትሞሉ «ፈርስት ኔም» የራስ ስም ነው፤ «ላስት ኔም» የቤተሰብ ስም። የቤተሰብ ስም ስለሌለን ብዙዎቻችን በመካከለኛው የአባት፣ በመጨረሻው የአያት ስም እናስገባለን። እኛ አቶ ብለን የራስን ስም እንጠራለን፤ እነሱ «ሚስተር» የሚሉት ከመጨረሻው ስም ጋር ብቻ ነው። ጆን ስሚዝ የተባለ እንግዳ «ሚስተር ጆን» ሲባል ይስቃል፣ አይቆጣም።

እስቲ እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ መልሷቸው፤ መልሱን ከማየታችሁ በፊት «ኛ»ን ጠይቋት። እኅቴ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። ቡናው አንደኛ ነው። ለስንተኛ ጊዜ ነው የምትመጡት? ሁለተኛ ይህን ስሕተት አልሠራም።

«ማይ ሲስተር ኢዝ ኢን ግሬድ ናይን።» «ሺ ኬም ሰከንድ ኢን ኸር ክላስ።» «ዘ ኮፊ ኢዝ ኤክሰለንት።» «ሃው ሜኒ ታይምስ ሃቭ ዩ ቢን ሂር?» «አይ ዊል ኔቨር ሜክ ዛት ሚስቴክ አጌን።»